አፉን ያልዘጋ ሱቅ

እንግዲህ ስሙኝማ! ወሬው የጎንደር ነው። አራዳ ላይ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ሁለት ሱቆች ነው የማወራችሁ፤ አንዱ ጫማ ይሸጣል፣ አንዷ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች። ስማቸውን ተዉት፤ ሰፈሩ ያውቃቸዋል።

2012 እንዴት ያለ ዓመት ነበር! በታኅሣሥ ወር ዩኔስኮ ቦጎታ ላይ ተሰብስቦ የጥምቀትን በዓል ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። ለጎንደር ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል? ባለሱቁ ሁሉ ዕቃ ቆለለ። ሦስት ወር እንዳለፈ፣ መጋቢት 4፣ ኮሮና አገር ገባ ተባለ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። እሱ በረደ ስንል ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሰዓት እላፊው መጣ፣ የሞባይል ኢንተርኔቱ ለወራት ጠፋ። በዓመቱ ደግሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ። ጎንደሬ እፎይ የሚልበት ፋታ አጣ።

ባለጫማው ታዲያ ምን አደረገ? መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ገዢ የሚጠራውን ልጅ አሰናበተ። ቀጥሎ የሰሌዳውን መብራት አጠፋ። ማስታወቂያው በቲክቶክ ነበርና ኢንተርኔቱ ሲሄድ እሱም አብሮ ዝም አለ። «ገዢ በሌለበት ለማን ልጩህ?» ይላል። አልፈርድበትም። ኪራይ በወሩ ይጠየቃል፣ የማስታወቂያ ወጪ ግን ቢቀር የሚጠይቅ የለም፤ ለዚህ ነው ክፉ ቀን ሲመጣ ነጋዴ ሁሉ መጀመሪያ እሱን የሚቆርጠው።

በፈረንጆቹ 1930ዎቹ፣ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ የቁርስ እህል የሚሸጠው ፖስት እንዲሁ ወጪውን ቆጠበ። ተቀናቃኙ ኬሎግ ግን ማስታወቂያውን እጥፍ አድርጎ ገበያውን ወሰደ ይባላል፤ የንግድ አስተማሪዎች ይቺን ተረት ሳይነግሩን አይውሉም። ማስታወቂያ አብዝቶ የከሰረውንስ ማን ተረከለት? የከሰረ ሰው መጽሐፍ ውስጥ አይገባም።

ወደ አራዳዋ ሴትዮ ልመለስ። እሷ ማስታወቂያ የሚባል ነገር ያሰራች አይመስላትም። ስልኩ በሠራ ቀን ትደውላለች። «እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? የልጅቱ ሠርግ ለጥር ነው አላልሽኝም? ስሚኝ እንግዲህ፤ ክሩ ጨምሯል፣ የዛሬ ሳምንት ዋጋው ይኸ አይሆንም። የቀረችኝን አንዷን ቀሚስ ግን እስከ እሑድ ላንቺ አቆያለሁ።» ደንበኛዋ ከከተማ ውጭ ከሆነች ከጥለቱ ስንዝር የምታህል ቁራጭ ቀድዳ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ ለሚሄድ ሰው ትሰጣለች። የሙሽራዋ እናት ቁራጯን በጣቷ እያሸች ቀለሙን በፀሐይ ታያለች፤ ከዚያ ነው ዋጋ የሚነሣው። ጥልፍ ቀሚስ ደንበኞቿን ሲከብዳቸው ደግሞ ጥለቱ የጠበበ፣ ዋጋው የቀለለ ነጠላ አመጣች። «አፈር ስሆን ይችን ውሰጂ፤ ትልቁ ለደህና ቀን ይደርሳል» ትላለች።

ስለ ጎብኚው ነገር ግን ሆዴ ይቃጠላል። የቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» ብለው፣ ጎንደርን ከአክሱም፣ ከላሊበላና ከባሕር ዳር ጋር በታሪካዊው መስመር አሰልፈው ለዓለም አስተዋወቁ። በ2008 «ምድረ ቀደምት» የሚለው ተተካ። ሁለቱም ጥሩ ቃል ነው፤ የኤምባሲ ማስጠንቀቂያ ባለበት ጊዜ ግን መፈክር ብቻውን ሰው አውሮፕላን ላይ አያወጣም። በዚያ ሰሞን «ሁሉ ሰላም ነው፣ ኑ» የሚል አንዳንድ አስጎብኚ ነበር። ሌላው ደግሞ ለፈረንጁ «ዘንድሮ ባትመጣ ይሻላል፤ መንገዱ ሲከፈት እኔው እጽፍልሃለሁ» አለ። ያንን ዓመት ሁለቱም ፆማቸውን አደሩ። መንገድ ሲከፈት ደብዳቤው የሚነበብለት የትኛው እንደሆነ ግን እኔ አልጠራጠርም።

አዝማሪውንማ አታንሡብኝ። ሥራው ሌሊት ነው፤ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ከሁሉ በፊት የታሰረው የእሱ ማሲንቆ ነው። ደንበኛን በስሙ ጠርቶ፣ የቤቱን ጌታ አሞግሶ፣ ሰውን ከወንበሩ የሚያቆይ ከእሱ የበለጠ አስተዋዋቂ አራዳ አላየም። የባዶ ኪስን ነገር ግን እሱም አይፈታውም። ደሞዙ ለጤፍ ያልበቃውን መምህር ምን ብታወድሰው ጫማ አይገዛም፤ በዚህ ባለጫማው እውነቱን ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ባለጫማው መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሴትዮዋ መጣ። «እቴ፣ ምን እያልሽ ነው ሰው የምትጠሪው?» አላት። ከጠረጴዛው ሥር ጠርዙ የተበላ የዱቤ ደብተር አወጣች። የሰው ስም፣ ስልክ፣ የልጅ ሠርግ፣ የተዝካር ቀን፣ የነጠላ ቁመት።

«ይኸማ የዕዳ መዝገብ ነው።»

«ዕዳውን ከፍለዋል፣ አልተሰረዘም እንዴ? ስሙን ነው ያልሰረዝኩት።»

ያኔውኑ እስክሪብቶ ተበደረና ስድስት ቁጥር ገለበጠ። ሁለቱ አላነሡም፤ አንዲት እናት ግን የልጇን የእግር ቁጥር ነገረችው።