ከጊዮርጊስ እስከ ሱሉልታ በሁለት ጎማ

ስሙኝማ! ዛሬ የጉለሌን ዳገት ነው የምተርክላችሁ። የማወጣችሁ ግን በመኪና አይደለም፤ በብስክሌት ነው። ትንፋሻችሁን ሰብሰብ፣ የጫማችሁን ክር ጠበቅ አድርጉና ተከተሉኝ።

«ብስክሌት የሆላንዶች ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ለብስክሌት አትሆንም» የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። እሺ፣ ከዚያው ከሆላንድ እንነሳ። አገሩ ሜዳ ነው። ከመሬቱ ሩቡ ያህል ከባሕር ወለል በታች ነው። አውሮፓ ላይ ባለው ግዛታቸው ከፍተኛው ቦታ 322 ሜትር ብቻ ነው። ብስክሌቱ ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። ዩትሬክት የምትባል ከተማ አለቻቸው፤ ባቡር ጣቢያዋ ሥር 12,500 ብስክሌት የሚያቆም ቦታ ተሠርቶላታል። ሰው ከባቡር ወርዶ ብስክሌቱን ያነሳል፤ ብዙም ሳይቆይ ሕንፃው አልቆ የቬኽትን ወንዝ ዳር ዳሩን ይዞ፣ ላም በሚግጥበት መስክ መሀል ይነዳል። ከተማውና ገጠሩ አንድ ግቢ ነው የሚመስለው።

ታዲያ ይህ ሁሉ አገሩ ሜዳ ስለሆነ ብቻ መጣ? የለም! ሆላንድም አንድ ጊዜ ጎዳናዋን ለመኪና አስረክባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ 3,300 ያህል ሰው በመኪና አደጋ አለቀባት፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ይኼኔ ነው ወላጅ አደባባይ የወጣው። «የልጆች ግድያ ይቁም!» ብለው ጮኹ፤ መንገድ ላይ እየተቀመጡ መኪና አላሳልፍ አሉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የነዳጅ ማዕቀብ መጣና መንግሥት ራሱ እሑድ እሑድ መኪና አገደ። ሜዳውማ ድሮም ነበረ። የብስክሌት መንገዱን ያሠራው የልጅ ሐዘን ነው።

እኛም ብንሆን ለብስክሌት ባዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው፤ ከተጓዦቹ መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። ገረመው ደንቦባ እዚያ ጋለበ፤ በ1952 ደግሞ ሮም ላይ ጋለበ፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት ኦሊምፒክ ማለቴ ነው። በ2008 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ብትሄዱ ተማሪውም ሠራተኛውም ፔዳል ሲረግጥ ታያላችሁ።

አሁን ወደ ዳገታችን። ማለዳ ነው፤ ከጊዮርጊስ ተነስቼ በፓስተር አድርጌ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል አቀናሁ። ገና ዳገቱን ሳልጀምር የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። መንገድ ዳር ጎማ የሚለጥፍ ወጣት አገኘሁ። የውስጡን ጎማ አወጣና ነፋው፤ ከዚያ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ እየነከረ ቀስ ብሎ አዞረው። ውሃው አንድ ቦታ ላይ ቡልቅ ቡልቅ አለ። «ይቺውልህ ጋሼ» አለኝና አውራ ጣቱን ጫነባት። አደረቀው፣ በሸካራ ፋቀው፣ ማስቲሽ ቀባው። ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ። እኔ ቸኩያለሁ፤ እሱ ግን ማስቲሹ ሳይደርቅ ንክች አላለም። ከለጠፈው በኋላ በመዶሻ ጀርባ ጠቅ ጠቅ አደረገና «በዚህ ጎጃም ትደርሳለህ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው የማርሽ ነው። ማርሹን ቀድሞ ማቅለል ነው፤ ዳገቱ መሀል ላይ በግድ ከቀየራችሁት ካቴናው ይወልቃል። ሳትነሱ፣ ሳትቸኩሉ፣ እኩል እየረገጣችሁ መውጣት። ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ሳምባ ቶሎ ይጮኻል። ከላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ። አንዷ ሸክማቸው ጎንበስ እንዳደረጋቸው ቀና ሳይሉ «አይዞህ ልጄ፣ በርታ!» አሉኝ። እኔ ባዶ ጀርባዬን ይዤ፣ እሳቸው ያን ሁሉ ተሸክመው! «እርስዎም ይበርቱ እማማ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። በመኪና መስታወት ውስጥ ሆኜ ይህን ድምፅ ከየት እሰማው ነበር?

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ደረስን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር አብረው ያቋቋሙት ነው፤ 705 ሄክታር ይሰፋል። ብስክሌቴን በር ላይ አስሬ በእግሬ ገባሁ። ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ያለው ከፍታ ሲለካ ያ የሆላንድ 322 ሜትር እዚሁ አጥር ውስጥ ይገባል። ወይራው፣ ጽዱ፣ ኮሶው፣ ቀጋው በየተራ ይቀበላችኋል። የኢትዮጵያንና የኤርትራን እጽዋት የመዘገቡትን ትላልቅ ጥራዞች ከሌሎች ምሁራን ጋር ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ይህን ማዕከል መርተውታል፤ የአገር ዛፍ ቦታውን እንዲያገኝ ከለፉት አንዱ እሳቸው ናቸው።

ባሕር ዛፉ ግን አሁንም አለ፤ ክፉ ልናገረው አልፈልግም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የእንጦጦና የዙሪያው ደን ለማገዶና ለቤት አልቆ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ ተጀምሮ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ቶሎ አድጎ ባይደርስ ኖሮ አዲስ አበባ ዛሬ ባለችበት መቆየቷን እንጃ። ከተማዋን ያቆያት እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ በማዕከሉ ውስጥ ለጽድና ለወይራ ቦታ ይለቃል። ዛፍ በዛፍ ሲተካ በዓይን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ወጥቼ በአዲሱ ገበያ በኩል የጎጃምን መንገድ ያዝኩ። እዚህ ነው ዳገቱ እውነተኛ ቀለሙን የሚያሳየው። ወገብ ይቃጠላል፤ ላብ ዓይን ውስጥ ይገባል። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ግን ቁሙ፤ የቆማችሁበትን ዕወቁ። በስተደቡብ የወረደ ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በስተሰሜን የወረደው ደግሞ በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ሱዳንን፣ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ይደርሳል። አንድ ደመና ያዘነበው ውሃ እዚህ ሸንተረር ላይ ይለያያል። በመኪና ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፤ ያወቅኩት ግን በራሴ እግር ረግጬ ስወጣው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሱሉልታ ነው። መንገዱ ዘቅዘቅ ይልና ሜዳው ይከፈታል። ግራና ቀኙ መስክ፣ የሣር ክምር፣ የወተት ጣሳ የያዘ ሰው፤ ረግረጉ ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ የማይገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ። ረጃጅም ቅልጥም ያላቸው ሯጮች በቡድን ሆነው ያልፏችኋል። ይኸውላችሁ፣ ዩትሬክት አላት ያልነው ገጠር እኛም ከከተማችን ደጃፍ ላይ አለን።

የጎደለን ሌላ ነው፤ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በዚህ መንገድ ላይ ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና ክንዳችሁን ታክኮ ያልፋል። ነፋሱ ብቻውን ብስክሌቱን ያወዛውዛል። ጎልማሳ ሆኜ እኔ ልቤ ቀጥ ይላል፤ ልጅማ እንዴት ይሁን? የጉለሌ ልጆች በሰዓት የተከራዩትን ብስክሌት ይዘው በየቅያሱ ሲዞሩ አያለሁ፤ አንዱ ይነዳል፣ ሦስቱ ተራ ይጠብቃሉ። ፍቅሩ አላቸው። ዋናው መንገድ ላይ ግን የሚወጡበት መስመር የላቸውም።

ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ እሑድ አስፋልት መዝጋት ጀምራ ነበር። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ መሀል ከተማ ላይ የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል፤ በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ታገደ። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ነገር ግን መስመሩ ሜዳ ሜዳውን መርጦ እንዳይቀር እፈራለሁ። ዳገት ሰበብ አይሁንብን። ማርሽ ያለው ብስክሌት ይወጣዋል፤ ጉልበት ላነሰው ደግሞ ባትሪ ያለው ብስክሌት መጥቷል።

እኔ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ከጳውሎስ እስከ እጽዋት ማዕከሉ በር ድረስ ከመኪና በግንብ የተለየ፣ ሁለት ልጅ ጎን ለጎን የሚነዳበት መስመር ይሠራ። በሩ ላይ ብስክሌት የሚታሰርበት ብረት ይተከል። የጎጃሙን መንገድ ትከሻ እስከ ሱሉልታ ያስፉት። እስከዚያው የምትወጡ ካላችሁ እሑድ ማለዳ ከባድ መኪናው ሳይበዛ ውጡ፤ ክረምት ከሆነ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ ተመለሱ። ስትወርዱም እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያዳልጣል፤ የፊቱን ፍሬን ብቻ እንዳትይዙ፣ ሁለቱንም በቀስታ።