ባ ዠንግ ሳን

ለሽንት ማጥ የሚታዘዝ የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ነው፤ ሲሸኑ ለሚያቃጥላቸው፣ ቶሎ ቶሎ ለሚያጣድፋቸው ወይም ጠብታ ብቻ ለሚወጣቸው ሰዎች ይሰጣል። ቅመማው ከ900 ዓመት ገደማ በፊት፣ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በተጠናቀረው የመንግሥት መድኃኒት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ሰፍሯል።

ስምንት ነገሮች ይገቡበታል። የታልክ ድንጋይ ዱቄት፣ የሩባርብና የሊኮሪስ ሥር፣ የጋርደኒያ ፍሬ ይገኙበታል። ለኢሉባቦር ሰው እንግዳ የማይሆነው ግን የፕላንታጎ ዘር ነው፤ የተክሉ የቅርብ ዘመድ ጎርጠብ፣ በኦሮምኛ ቆርጦቢ፣ በመቱና በጎሬ አካባቢ በግጦሽ መሬትና በመንገድ ዳር ይበቅላል። ቅጠሎቹ ከመሬት ተጣብቀው ክብ ይሠራሉ፤ ጅማቶቻቸው ከግርጌ እስከ ጫፍ ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ አበባው ቅጠል በሌለው ቀጭን ዘንግ አናት ላይ ይቆማል። በአገራችን ጎርጠብ ይበልጥ የሚታወቀው በቁስል መድኃኒትነቱ ነው፤ ቅጠሉ ተጨቅጭቆ የሚደማው ቦታ ላይ ይደረጋል።

ጣጣው ያለው ከስምንቱ አንዱ በሆነው፣ ሙ ቶንግ በሚባለው ሐረግ ላይ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ስም ብዙ ጊዜ ይሸጥ የነበረው ጓን ሙ ቶንግ የተባለ የአሪስቶሎኪያ ዝርያ ነበር። በውስጡ ያለው አሪስቶሎኪክ አሲድ ኩላሊትን ያበላሻል፤ የሽንት ቧንቧ ካንሰርም ያመጣል። ለሽንት ሕመም በተቀመመ መድኃኒት ውስጥ መገኘቱ ነው የሚገርመው! ቻይና ጓን ሙ ቶንግን በ2003 እ.ኤ.አ. ከለከለች፤ ዛሬ አሲዱ የሌለበት አኬቢያ ይተካዋል።

ሲሸኑ ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ ማጣደፍ ብዙ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ምልክት ነው፤ ኢንፌክሽኑ በአብዛኛው የሚመጣው ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ነው። ሕመሙ በሽንት ምርመራ ይለያል፤ ሕክምናውም አንቲባዮቲክ ነው።