ካታራክት፦ የወንዝ ፏፏቴ፣ የዓይን ሞራ

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ገጠር ዓይናቸውን ሊታዩ የወጡ እናት፣ ወረቀታቸው ላይ «ካታራክት» ተብሎ ተጽፎላቸው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ተማሪ ልጃቸው መዝገበ ቃላት ቢገልጥ «ታላቅ ፏፏቴ» የሚል ፍቺ ያገኛል። ፍቺው ልክ ነው፤ እናቱን ግን አይረዳቸውም።

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ከላይ ተወርውሮ የሚወርድን ነገር ያመለክታል። ጢስ ዓባይን ለመሰለ ከገደል ለሚወረወር ውኃ «ፏፏቴ» ይበቃዋል። በአስዋንና በካርቱም መካከል ያሉት ስድስቱ የናይል ካታራክቶች ግን ውኃው በቋጥኝ መሀል እየተጋፋ የሚሮጥባቸው ወይም ይሮጥባቸው የነበሩ ቦታዎች ናቸውና ፏፏቴ ቢባሉ አንባቢ ይሳሳታል።

ቃሉ ወደ ዓይን ሕመም ስምነት የገባው በሐኪሞች በኩል ነው። የጥንት ዐረብ ሐኪሞች ከራስ የወረደ ፈሳሽ ብሌን ላይ የሚረጋ ይመስላቸው ስለነበር ሕመሙን «የወረደ ውኃ» ይሉት ነበር። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ተርጓሚው ቆስጠንጢኖስ አፍሪካዊ መጻሕፍታቸውን ወደ ላቲን ሲመልስ «ካታራክታ» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

የእኛ ሰው ግን ያየውን ነው የጠራው። በግ ሲታረድ ከሆድቃው ላይ የሚገፈፈውን ነጭ ስብ አይቶ «ሞራ» አለ፤ ሙሉ ስሙም «የዓይን ሞራ ግርዶሽ» ሆነ። እኔም ከዚህ የተሻለ አቻ አላውቅለትም። ጥንቃቄ የሚሻው አንድ ነገር ነው፦ ሞራው ከላይ የተጋረደ ስስ ሽፋን አይደለም። ከብሌን በስተ ጀርባ ያለው የዓይን ሌንስ ራሱ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ተፍቆ አይነሣም፤ በጠብታም ሆነ በቅጠል ጭማቂ አይሟሟም። የደፈረሰው ሌንስ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካበታል።

ትራኮማ በሚበዛበት በአማራ ክልል ደግሞ ሌላ መምታታት አለ። ትራኮማ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ አጥፎ የዓይንን የፊት ገጽ እየፋቀ ነጭ ጠባሳ ይተዋል፤ ከውጭ ላየው ይህም «ሞራ» ይመስላል። ጠባሳው ግን ሌንስ በመቀየር አይጠፋም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከሞራ ነበር፤ በሞራ የመጣው ደግሞ በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ሊቃለል የሚችል ነው። እንግዲያው በወረቀቱ ላይ ከ«ካታራክት» ጎን «የዓይን ሞራ፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል» ተብሎ በአማርኛ ይጻፍላቸው።