የቆየ ሞተር ሳይክል ሞተር እድሳት

የቆየ ሞተር ሳይክል ሞተር እድሳት ምርቱ የቆመ ሞተርን መለዋወጫ በማፈላለግና ያረጁ ክፍሎችን በማሽን በማስተካከል መልሶ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሲሊንደር የሚሰፋው በፒስተኑ ልክ ስለሆነ ከማሽን ሥራው በፊት ፒስተኑ መገኘት አለበት።

ለምሳሌ የእንግሊዙ ትራያምፍ ቦንቪል ቲ120 እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ቀረበ። ባለ 2 ሲሊንደር ሞተሩ 649 ሲሲ ሲሆን የእያንዳንዱ ሲሊንደር የውስጥ ዲያሜትር 71 ሚሊሜትር ነው። የሜሪደን ፋብሪካው በ1983 ቢዘጋም ሌሎች አምራቾች መለዋወጫውን ይሠራሉ።

መለዋወጫ ፍለጋ

ከሲሊንደሩ ግርጌ በግራ በኩል የተቀረጸው የሞተር ቁጥር ሞዴሉንና ዘመኑን ይለያል። በዚህም ከፋብሪካው የመለዋወጫ መጽሐፍ ትክክለኛው የዕቃ ቁጥር ይገኛል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የብሎኖች ጥርስ ስለተለወጠ፣ በመልክ የሚመሳሰል ብሎን ላይገጥም ይችላል።

የማሽን ሥራ

ሲሊንደሩ በተለያየ ከፍታና በ2 አቅጣጫ ይለካል፤ መበላቱ የሚብሰው ከላይ፣ የፒስተን ቀለበቶች (ፋሻዎች) በሚደርሱበት አካባቢ ነው። ከመደበኛው በ0.010፣ በ0.020 ወይም በ0.040 ኢንች የሚበልጡ ፒስተኖች አሉ። ከነዚህ ጉዳቱን የሚያጠፋው ትንሹ ልክ ይመረጣል፤ ሁለቱም ሲሊንደሮች በእኩል ይሰፋሉ።

በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ከጠበበ ፒስተኑ ሲግል ተለጥጦ ይጣበቃል፤ ከሰፋ ደግሞ ያንኳኳል፣ ዘይትም ያቃጥላል። የተፋቀ ብረት አይመለስም፤ ከመጨረሻው ልክ ያለፈ ሲሊንደር አዲስ ካሚቻ ይገባበታል ወይም ይቀየራል።