ኢኳቶሪያል የቴሌስኮፕ መቆሚያ፦ ያገለገለውን መጠገንና ማስተካከል

ኢኳቶሪያል መቆሚያ አንዱ ዘንጉ ከምድር መሽከርከሪያ ዛቢያ ጋር ትይዩ ስለሚሆን ቴሌስኮፑ ኮከብን በአንድ እንቅስቃሴ ብቻ እንዲከተል ያስችላል። የጀርመን ዓይነት የሚባለውን ዮሴፍ ፎን ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1824 በዶርፓት (የዛሬዋ ታርቱ፣ ኢስቶኒያ) ለተተከለው ቴሌስኮፕ ሠርቶታል።

ጥገና፦ ባገለገለ መቆሚያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ችግር የደረቀ ግራሶ ነው። ዘንጎቹ ተፈትተው በነጭ ጋዝ ይታጠባሉ፤ ኩሽኔታዎቹ ይፈተሻሉ፤ አዲስ ግራሶ በስሱ ይቀባል። ቀጥሎ እንደ ብሎን በተጠመዘዘው ዎርምና በሚያሽከረክረው ጥርሳም ጎማ መካከል ያለው ክፍተት ይስተካከላል። ክፍተቱ ሲሰፋ አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር ቴሌስኮፑ ዘግይቶ ይንቀሳቀሳል፤ ከልክ በላይ ሲጠብ ደግሞ ጥርሶቹ ይነክሳሉ። ስለዚህ ማስተካከያ ብሎኑ በጥቂት በጥቂቱ እየጠበቀ ጎማው ሙሉ ዙር በእጅ ይሞከራል።

ማስተካከል፦ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ የሚሆነው ዘንግ ከአድማስ በላይ በቦታው ኬክሮስ ልክ ይነሣል፤ ለአዲስ አበባ 9 ዲግሪ ያህል ነው። አንዳንድ መቆሚያዎች ይህን ያህል ዝቅ ስለማይሉ ከመግዛት በፊት የኬክሮስ መለኪያውን ማየት ይገባል። ዘንጉ የሚነጣጠርበት የሰሜን ኮከብ በተራራ ወይም በሕንፃ ከተጋረደ፣ በሰማይ ወገብ አጠገብ ወደ ከፍታው ጫፍ የደረሰ ኮከብ ይመረጣል፤ ኮከቡ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ መቆሚያው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይዞራል።