የመራጮች መዝገብና የምርጫ ውጤት ከሳይበር ጥቃት እንዴት ይጠበቃሉ?

ምርጫ የሚጀመረው ድምፅ በሚሰጥበት ዕለት ሳይሆን የመራጩ ስም በመዝገብ ላይ በሚሰፍርበት ዕለት ነው። ከጎዛምን ወይም ከማቻከል ወረዳ የገጠር ቀበሌ የእርሻ ሥራውን አቋርጦ ወደ ምርጫ ጣቢያ የሄደ አርሶ አደር ስሙን ከመዝገቡ ላይ ቢያጣው፣ የድምፅ መስጫ ሳጥኑ የቱንም ያህል ቢጠበቅ ለእርሱ ምርጫው በዚያው አብቅቷል። የምርጫ ሥራ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተሸጋገረ ባለበት በዚህ ወቅት የመዝገቡ ደኅንነት የባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ መራጭ ጉዳይ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ አደጋው ከየት ሊመጣ እንደሚችል፣ መከላከያው ምን እንደሆነና መራጩ በራሱ ምን ማድረግ እንደሚችል ያብራራል።

የቴክኖሎጂው ድርሻ እስከ ምን ድረስ ነው?

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ለተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ዜጎች ተመዝግበው ነበር። ምዝገባው በወረቀት መዝገብ፣ ድምፅ አሰጣጡ በወረቀት፣ ቆጠራውም በእጅ ነበር። ውጤቱ በየምርጫ ጣቢያው ተቆጥሮ ወደ ምርጫ ክልል፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተልኮ አጠቃላዩ ይፋ የሆነው ሐምሌ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ወረቀት ጊዜ ይወስዳል፤ ይሁን እንጂ ከሩቅ ሆኖ በኮምፒውተር የሚሰርቀው የለም።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ለ7ኛው ጠቅላላ ምርጫ ባደረገው ዝግጅት የመራጮች ምዝገባን በዲጂታል መንገድ ጭምር ለማከናወን ወስኗል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው በሁለት ጣቢያ ቢመዘገብ ለመለየት ይቀላል፣ የመራጮችን ቁጥር ለማጠናቀር የሚወስደውም ጊዜ ያጥራል። ከጥቅሙ ጋር ግን ቀድሞ ያልነበረ ኃላፊነት ይመጣል። በወረቀት ዘመን የአንድን ጣቢያ መዝገብ ለማበላሸት ወደዚያው ጣቢያ መሄድ ግድ ነበር። በአንድ የመረጃ ቋት የተሰበሰበ መዝገብ ግን በደንብ ካልተጠበቀ በአንድ ስፍራ የተገኘ ክፍተት የብዙ ጣቢያዎችን መረጃ ሊያጋልጥ ይችላል።

ጥቃቱ ምን ዓይነት ነው?

የምርጫ ሥርዓት ጠለፋ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ድምፅ በኮምፒውተር ሲቀየር ነው። በተግባር የታዩት ጥቃቶች ግን በአብዛኛው በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው የመዝገብ ስርቆት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፊሊፒንስ ምርጫ ኮሚሽን ድረ ገጽ ተጠልፎ ወደ 55 ሚሊዮን የሚጠጉ መራጮች መረጃ ለአደባባይ ወጥቷል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት ሰርጎ ገቦች በድረ ገጽ ክፍተት ተጠቅመው ወደ መራጮች የመረጃ ቋት ገብተዋል። በኢሊኖይ የተሰረዘ ወይም የተቀየረ ስም አልተገኘም፤ ሆኖም መግባት የቻለ ሰው መሰረዝም ሊሞክር እንደሚችል ታውቋል።

ሁለተኛው ሥርዓቱን በወሳኝ ሰዓት ከአገልግሎት ውጪ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የተቋሙን ድረ ገጽ ወይም ስም በመጠቀም ሐሰተኛ ውጤት ማሰራጨት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 በዩክሬን ሁለቱም በአንድ ምርጫ ታይተዋል። ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የምርጫ ኮሚሽኑ የኮምፒውተር ሥርዓት ተመትቶ ከመጠባበቂያ ቅጂ እንደገና ተነሣ። በምርጫው ዕለትም ሐሰተኛ ውጤት በድረ ገጹ ላይ ለማውጣት የተደረገ ሙከራ ተደረሰበት። ድምፁ በወረቀት የተሰጠ በመሆኑ እውነተኛው ቆጠራ አልተነካም።

ሀገራችንም ከዚህ ስጋት ውጪ አይደለችም። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የውኃ ሙሌት ሲቃረብ መነሻቸው ግብፅ የሆኑ ቡድኖች በኢትዮጵያ የመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የሳይበር ጥቃት መሰንዘራቸውን የመረጃ መረብ ደኅንነት ተቋም፣ በምህፃሩ ኢንሳ፣ አስታውቆ ነበር። ዒላማው ምርጫ አልነበረም፤ ነገር ግን የፖለቲካ ውጥረት ባለበት ወቅት የመንግሥት ተቋማት የመረጃ መረብ ዒላማ እንደሚሆን አሳይቷል።

ሁለት መዝገብ፣ አንድ እውነት

የአማራ ክልል አርሶ አደር የመከላከያውን መሠረታዊ ሐሳብ ከመሬት አስተዳደር ያውቀዋል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በባለይዞታው እጅ፣ መዝገቡ ደግሞ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይመሰክራል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ጥያቄ ይነሣል፣ ድንበርተኞችና የቀበሌ ኮሚቴ ተጠርተው ይጣራል። ማንም ሰው ለብቻው በስውር ሁለቱንም መለወጥ አይሆንለትም።

የምርጫ መዝገብም ሊጠበቅ የሚችለው በዚሁ መንገድ ነው። በኮምፒውተር የተያዘው ስም በየጣቢያው በወረቀት ከታተመ፣ መራጩም ካርዱን ከያዘ፣ በመረጃ ቋቱ ላይ የሚደርስ ለውጥ ሳይታወቅ ሊያልፍ አይችልም። በምርጫ ሕጉ መሠረት ምዝገባ ሲጠናቀቅ መዝገቡ ለሕዝብ ዕይታ ይፋ የሚደረግበት ጊዜ አለ። ይህ ጊዜ ብዙዎች እንደ ተራ ሥነ ሥርዓት ቢያልፉትም ከሁሉም የሚበልጥ የደኅንነት ፍተሻ ነው። የጎረቤቱን ሞት የሚያውቀው፣ ከአካባቢው ለቆ የሄደውን የሚለየው፣ የማያውቀውን ስም የሚጠይቀው የቀበሌው ነዋሪ ነው እንጂ ማሽኑ አይደለም።

ከቴክኒክ አንጻር ምን ያስፈልጋል?

የባለሙያዎች ምክር በጥቂት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ወደ መዝገቡ የሚገባ ሠራተኛ ሁሉ የየራሱ የይለፍ ቃል ሊኖረውና ተጨማሪ ማረጋገጫ ሊጠየቅ ይገባል፤ በአንድ የይለፍ ቃል አምስት ሰው የሚሠራበት ታብሌት በሩ ክፍት እንደተተወ ጎተራ ነው። ሁለተኛ፣ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ስም እንደጨመረ ወይም እንደሰረዘ የሚያሳይ፣ ሊፋቅ የማይችል የሥራ መዝገብ መኖር አለበት። ሦስተኛ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ከኢንተርኔት ተለይቶ በሌላ ስፍራ ሊቀመጥ፣ ቅጂውም በትክክል እንደሚሠራ አስቀድሞ ሊሞከር ይገባል። አራተኛ፣ ከምርጫው በፊት ገለልተኛ ባለሙያዎች ክፍተት እንዲፈልጉ ዕድል መስጠት ያስፈልጋል።

በጎጃም ደጋማ አካባቢ አምስተኛ ነጥብ ይጨመራል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። የመብራት መቆራረጥም እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከደብረ ማርቆስ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ የሚሠራ የምዝገባ መሣሪያ ያለ መረብ መመዝገብ፣ መረጃውንም በምስጢራዊ ኮድ ቆልፎ መያዝና ግንኙነት ሲገኝ መላክ መቻል ይኖርበታል። ይህ ካልሆነ ሰርጎ ገብ ሳያስፈልግ የኔትወርክ መጥፋት ብቻውን መራጩን ከመዝገብ ያስቀራል።

የውጤት ጉዞ

ከምዝገባ ቀጥሎ ተጋላጭ የሚሆነው ውጤቱ ከጣቢያ ወደ ማዕከል የሚተላለፍበት መንገድ ነው። በዚህ ረገድ የጎረቤታችን የኬንያ ልምድ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ ውጤት የሻረው በዋናነት የውጤት ማስተላለፊያው ሂደት ሕግን ያልተከተለና ሊረጋገጥ የማይችል ሆኖ ስላገኘው ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑ ሰርቨሮቹን ለፍተሻ እንዲከፍት የተሰጠውንም ትእዛዝ በሙሉ አልፈጸመም። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ኮሚሽኑ የየጣቢያውን የውጤት ቅጽ ምስል ማንም ሊያየው በሚችል ድረ ገጽ ላይ አወጣ፤ ጋዜጠኞችና ዜጎች በራሳቸው ደመሩት። ክርክሩ ፍርድ ቤት ቢደርስም ውጤቱ ጸንቷል።

የጀርመን የፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳለፈው ውሳኔም የምርጫው ዋና ዋና እርምጃዎች ልዩ የቴክኒክ ዕውቀት በሌለው ዜጋ ሊመረመሩ ይገባል ብሏል። በኢትዮጵያ ቆጠራ በየጣቢያው መካሄዱ፣ የውጤቱ ቅጂ ለፓርቲ ወኪሎች መሰጠቱና በጣቢያው መለጠፉ ከዚህ መርህ ጋር ይስማማል። ቴክኖሎጂ ይህን አሠራር ሊያፋጥነው እንጂ ሊተካው አይገባም።

ሕጉ ምን ይላል?

የምርጫ ሂደት የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 እና በማሻሻያው ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን፣ መረጃ መጥለፍንና ማበላሸትን በወንጀል ያስቀጣል፤ ድርጊቱ የተፈጸመው በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብ አካል ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲጠቀምበትና ደኅንነቱን እንዲጠብቅ ያስገድዳል።

መራጩ ምን ያድርግ?

ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ የመመዝገብ መብት አለው። ሲመዘገብ በካርዱ ላይ የሰፈረው ስም ከነአባትና አያት ትክክል መሆኑን ያረጋግጥ። ማንበብ የማይችል ከሆነ የሚያምነውን ሰው ያስነብብ። ካርዱን ለማንም አሳልፎ አይስጥ። በስልክ ደውሎ የፋይዳ ቁጥር ወይም በመልዕክት የደረሰ የምስጢር ኮድ ለሚጠይቅ ሰው፣ ከምርጫ ቦርድ ነኝ ቢልም እንኳ፣ አይንገር። መዝገቡ ይፋ ሲሆን ጣቢያው ድረስ ሄዶ ስሙን ይፈልግ፤ ካጣው ወይም የሞተ ሰው ስም ካየ በዚያው በጣቢያው ላለው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያመልክት።

ድምፅ ከተሰጠ በኋላም በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚዘዋወር ቁጥር በፊት በጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት ይመልከት። ከማዕከል የሚነገረው ቁጥር በበሩ ላይ ካለው ጋር የማይገጥም ከሆነ፣ ልዩነቱን ለማንሣት የኮምፒውተር ዕውቀት አያስፈልግም፤ በር ላይ ያለውን ያነበበ ሰው ይበቃል።