ከቅኔ ጉባኤ እስከ አንቀጽ
በጣና ገዳማትና አካባቢ በነበረው የአብነት ትምህርት ማንበብና መጻፍ የተለያዩ ሙያዎች ስለነበሩ፣ ዳዊት የደገመ ተማሪ እንኳ ብራና መፋቅንና ቀለም መበጥበጥን የሚጨምረውን ቁም ጽሕፈት ለብቻው ካልተማረ መጻፍን አይለምድም ነበር። የራስን ሐሳብ መግለጥ የሚለመደው ይልቁንም በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ሲሆን፣ ተማሪው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ከሆነው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በቃሉ ይደርሳል፤ ለመምህሩ አቅርቦም ይታረማል። ይህ ልምምድ ወረቀት ባይነካም ከብዙ የክፍል ድርሰት የጠነከረ ነበር ማለት ይቻላል። በኃይለ ቃል፣ ይኸውም ዋናውን ሐሳብ በሚይዝ ዓረፍተ ነገር፣ የሚመራው አንቀጽ ግን የዘመናዊ ትምህርት ቤት ልማድ ነው፤ በዚሁ በዘመናዊ ትምህርት መስመር በባሕር ዳር በ1972 እ.ኤ.አ. መንግሥት ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ተስማምቶ ያቋቋመው የፔዳጎጂ፣ ማለትም የማስተማር ጥበብ፣ አካዳሚ ከኋለኛው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሠረቶች አንዱ ሆኗል።